ሠላሳ አራት በመቶ

መምህር ገብረ ሥላሴ ቆጣሪ ሳይዘጉ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ድሮ፣ ገና ሆሳዕና ከተማ ተመድበው በመጡበት ዓመት፣ የጎረቤት ቤት በኤሌክትሪክ ሲቃጠል አይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ገበያም ይሂዱ ለቅሶ፣ እጃቸው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቆጣሪው ነው። ነጎድጓድ ሲሰማም እንዲሁ ናቸው። ሰማዩ በሌሞ ገጠር በኩል ገና ማጉረምረም ሲጀምር ቀጭ ያደርጉትና፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው «ለሚጠነቀቅ እግዜርም ይጠነቀቅለታል» ይላሉ። ልጃቸው ሳምራዊት፣ ቤት ውስጥ ሳምሪ የምትባለው፣ በዚህ ጉዳይ ከእሳቸው ጋር መከራከር ከተወች ቆይታለች።

ባለፈው እሑድ ማለዳ ግን መከራከር ነበረባት።

«አባዬ፣ ኮምፒውተሩ አፕዴት እያደረገ ነው። ሳይጨርስ እንዳይጠፋ ይላል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ኮምፒውተሩ ራሱ።»

መምህር መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ስክሪኑን አዩት። ሠላሳ አራት በመቶ ይላል። ነጠላቸውን አስተካከሉ። የቅዳሴው ሰዓት ደርሷል። «ሠላሳ ስድስት ዓመት ተማሪ ሳዝ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ኮምፒውተር ሊያዘኝ ነው?» አሉና ቆጣሪውን ዘጉት።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ኮምፒውተሩ የሚያውቁት ኮምፒውተር አልነበረም። ይበራል፣ ነጫጭ ነጥቦች ክብ ሠርተው ይዞራሉ፣ ገጹ ሰማያዊ ይሆናል፣ ይጠፋል፤ ደግሞ ራሱን ያበራል። መምህር አጠገቡ ወንበር ስበው፣ ሕመምተኛ እንደሚያስታምም ሰው፣ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ተቀመጡ።

ነገሩ የኮምፒውተሩ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ መምህር በአንድ ቀን ይረሱት ነበር። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው ከጎጃም መጥተው ግማሽ ሆሳዕናን አማርኛ ያስተማሩ ናቸው። ጡረታቸው ሲቃረብ ግን አንድ ነገር ቆጫቸው፤ ይህን ሁሉ ዘመን የራሳቸውን ቋንቋ ሲያስተምሩ የአገሩን ቋንቋ በቅጡ አልተማሩም። ደብተር ገዝተው ገበያ ወጡ። ፎንቆ ሄዱ፣ ሆመቾ ሄዱ፣ ከሌሞ በጋሪ የሚመጡ ገበሬዎችን እያስቆሙ ጠየቁ። በአሥራ ሁለት ዓመት አራት ሺህ ያህል የሀዲይሳ ቃል ከነፍቺው ሰበሰቡ። ደንባቸው ጥብቅ ነበር፤ ሰው በገዛ አፉ ያልነገራቸውን ቃል አይጽፉም። «እንዲህ ይባላል አሉ» ለሚል ሰው ጆሮ የላቸውም። በእያንዳንዱ ቃል ሥር «ነጋሪ» ብለው የሰውየውን ስምና መንደር ያሰፍራሉ።

የመጀመሪያዎቹን ደብተሮች አይጥ መብላት ሲጀምርባቸው ሁሉን ወደ ኮምፒውተር አስገቡት፤ ደብተሮቹንም አይጥ ጨረሳቸው። ሌላ ቅጂ የላቸውም። «ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል» ብለው፣ እንኳን የሰው የልጃቸውም ፍላሽ ወደ ቤታቸው እንዳይገባ ከልክለዋል። የሚያጠፋ ሲፈሩ የሚያድን ከለከሉ።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩን በባጃጅ ጭነው መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የሀብቴ ሱቅ ወሰዱት። ሀብቴ ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ መድኃኒቱ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ሁለት ጊዜ አበራው፣ ሁለት ጊዜ ጠፋበት፣ እጁን ጠረገ።

«ፎርማት ነው፣ መምህር።»

«ፎርማት ሲባል?»

«ያለው ነገር ይጠፋል። ማሽኑ ግን እንደ አዲስ ይሆንልዎታል።»

መምህር የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ። ሀብቴ ያን አይቶ አዘነላቸው መሰል፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፋይል ሳያጠፋ የሚያነሳ በዚህ ከተማ አንድ ልጅ ነው ያለው። ዕንባቆም ይባላል። የአቶ ተረፈ ልጅ።»

ስሙ ሱቁ ውስጥ ወደቀ። መምህር ሳምሪን አዩ፤ ሳምሪ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉትን ኬብሎች አየች። ሀብቴ ምንም አላወቀም።

ከፋሲካ በኋላ፣ በሚያዝያ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ እነሳምሪ ቤት መጥተው ነበር። የላካቸው ዕንባቆም ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አምስት ዓመት ተዋደዋል፤ እሷ ፋርማሲ ተቀጠረች፣ እሱ የጥገና ሥራ ጀመረ፣ ዕድሜም ደረሰ። ነገር ግን እሱ የሌሞ ልጅ፣ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን መዘምር ነው፤ እሷ ደግሞ ጾም የማይገድፉት የመምህር ገብረ ሥላሴ ልጅ። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ መምህር ልጃቸውን ጠርተው፣ «ምን ትያለሽ?» አሏት። ሳምሪ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያስተማረቻት ይህንኑ ነበር፤ አባት ስለ ትዳር ሲጠይቅ ጨዋ ልጅ ዝም ትላለች፣ ዝምታዋም እሺ ነው።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ለመልስ ሲመጡ መምህር፣ «ልጅቷን ጠይቄያታለሁ፤ አልፈለገችም» አሏቸው።

በዚያው ቀን ማታ ከዕንባቆም አንድ መልእክት ስልኳ ላይ ገባ። «መልስሽ ደርሶኛል። ይከብደኛል፤ ግን አከብረዋለሁ።» ሳምሪ አሥር ጊዜ አነበበችው። በአባቷ የተናደደችው አንድ ጊዜ ከሆነ በእሱ የተናደደችው አሥር ጊዜ ነው። እንዴት አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀኝም? እንዴት ከሌላ ሰው አፍ ሰምቶ አመነ? ብላ መልስ ከለከለችው። እሱም ደግሞ አልጻፈም። ሦስት ወር አለፈ።

እውነቱን ለመናገር መልስ አልከለከለችም፤ ጽፋ አልላከችም እንጂ። የስልክ «ላክ» ለጣት ቅርብ ስለሆነ ፈራችው። ስለዚህ አባቷ ገበያ ሲወጡ የዘጉትን ቆጣሪ መልሳ ከፍታ ኮምፒውተሩ ላይ ትቀመጥና ትጽፋለች፣ ታስቀምጣለች። ዘጠኝ ደብዳቤ ሆነ። ባለፈው ቅዳሜ ቆርጣ ዘጠነኛውን ልትልክለት ኮምፒውተሩን ከስልኳ ኢንተርኔት ጋር አገናኘችው፤ ግማሽ ሰዓት ተቀምጣ፣ ልቧ ከድቷት ተወችው። በዚያች ግማሽ ሰዓት አፕዴቱ ወረደ። እንግዲህ የጥፋቱ ግማሽ የቆጣሪው ከሆነ ግማሹ የእሷ ነበር። ይህን የሚያውቅ ግን ማንም የለም።

«ደውዪለት» አሏት መምህር ከሀብቴ ሱቅ ተመልሰው ቤት ሲደርሱ።

«እኔ አልደውልም፣ አባዬ።»

መምህር ስልካቸውን አውጥተው ራሳቸው ደወሉ። «ገብረ ሥላሴ ነኝ» አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለው ድምፅ ምን እንዳለ ሳምሪ አልሰማችም። የአባቷን ፊት ብቻ ነው ያየችው፤ የተለመነ ሰው ሳይሆን የለመነ ሰው ፊት ነበር፣ አሳዘኗት።

ዕንባቆም በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጃኬቱን ካፊያ አርሶታል፣ ትከሻው ላይ ያቺ ሳምሪ የምታውቃት ጥቁር ቦርሳ አለች። ለመምህር ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ስምንተኛ ክፍል አስተምረውታል።

«እንደምን አሉ፣ መምህር።»

«ደህና፣ ግባ። ግባ፣ ልጄ።»

ወደ ሳምሪ ዞረ። «እንደምን ነሽ፣ ሳምራዊት።»

አምስት ዓመት ሙሉ ሳምሪ ሲላት የነበረ ሰው ነው። ሙሉ ስሟን ከአፉ ስትሰማ በር የተዘጋባት መሰላት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ሻይ ላፍላ ብላ ጓዳ ገባች።

እዚያ ሆና ድምፁን ሰማች። ሥራ ላይ ሲሆን ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። «ምን መሰለዎት፣ መምህር፤ ማሽኑ አዲስ ኮት እየለበሰ ነበር። አንድ እጁን አስገብቶ ሁለተኛውን ሳያስገባ መብራቱ ጠፋበት። አሁን አሮጌውንም አልለበሰ፣ አዲሱንም አልለበሰ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መጀመሪያ ልጆቹን ከቤት ማውጣት፤ ከዚያ ቤቱን መጠገን። ከዚህ ፍላሽ ላይ አስነሥቼው ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ዲስክ እገለብጣለሁ።»

«ፍላሽ ወደዚህ ቤት አይገባም።»

«መምህር» አለ ዕንባቆም፣ «ፍላሹ ካልገባ መዝገበ ቃላቱ አይወጣም።»

ሳምሪ ጓዳ ውስጥ ሆና ሳትወድ ፈገግ አለች። ይሄ ድርቅናው ነው የናፈቃት። መምህር «አስገባው» ሲሉ ሰማቻቸው። «አንድ ነገር ደግሞ፤ ሥራው እስኪያልቅ ቆጣሪው እንዳይነካ» አለ ዕንባቆም።

ሻዩን ይዛ ስትመለስ ስክሪኑ ላይ እንግዳ የሆነ፣ ግን ሥርዓት ያለው ገጽ ቆሞ ነበር። መምህር ከዕንባቆም ትከሻ አጠገብ ተጎንብሰዋል።

«መኖሩን አሳየኝ» አሉ። «አንዱን ክፈትልኝ።»

ዕንባቆም ከመዝገበ ቃላቱ አንዱን ከፈተ። ገጹ ሙሉ ነው፤ የእንሰት ሥራ ቃላት ናቸው። መምህር በረጅሙ ተነፈሱ። ዕንባቆም ግን ዓይኑ አንድ መስመር ላይ ቀረ። ነጋሪ፦ አቶ ተረፈ፣ ሌሞ። ከሥሩም ያው። ከዚያም ሥር ያው። ገጹ ግማሽ በግማሽ አባቱ ነበር።

«የአባቴ ስም ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ» አሉ መምህር። «ከእሱ የበለጠ የነገረኝ ሰው የለም። ጋሪውን አቁሞ፣ ፈረሱ ልሂድ እያለ ልጓሙን እየሳበበት ይነግረኝ ነበር።» ጆሯቸው ቀላ። ሽማግሌ የተላከው ለዚህ ሰው ልጅ እንደነበር ሁሉም ያውቃል።

«የእርስዎን ብቻ ነው የምገለብጠው ወይስ ያለውን በሙሉ?»

«በሙሉ። እዚህ ቤት የተደበቀ ነገር የለም።»

ሳምሪ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። አትገልብጥ ልትል ፈለገች፤ ምን ብላ ትበል? የፋይሎቹ ስም አንድ በአንድ እየተከተለ ወደ ላይ ይወጣል። ከፎንቆ የተሰበሰቡ። ከሆመቾ የተሰበሰቡ። የእናቷ ፎቶዎች። ከዚያ፦ ለዕንባቆም 1። ለዕንባቆም 2። ለዕንባቆም 3።

እስከ ዘጠኝ ድረስ ሄደ። የዕንባቆም እጅ ማውሱ ላይ ቀረ፣ አንገቱ ብቻ ትንሽ ቀና አለ። መምህር መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ገፍተው አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ። ሳምሪ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር፤ ያ ስላልሆነ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ።

ቅጂው አለቀ። ዕንባቆም አንዱንም ሳይነካ ዲስኩን ነቅሎ መምህር ፊት አስቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ይኸው፣ ሁሉም ወጥቷል። አሁን በግማሽ የቀረውን አፕዴት አንሥቼ ማሽኑን ማስነሣት ነው የሚቀረው።»

«ስምህ ተጽፎበታል» አሉ መምህር። «አትከፍተውም?»

«አልተሰጠኝም፣ መምህር።»

«ስምህ እኮ ነው።»

«ስሜ ቢሆንም። ባለቤቷ በእጇ ካልሰጠችኝ የእኔ አይደለም። እርስዎም እኮ ሰው ራሱ ያልነገረዎትን አይጽፉም።»

ልጁ ይህን ያለው ለማስከፋት አልነበረም። ሥራ ከሥራ ጋር አስተያይቶ ነው። መምህር ግን ወንበሩን ፈልገው ተቀመጡ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። ሳምሪ አባቷን አየች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያረጁ መስለው አይታቸው አታውቅም።

«አሥራ ሁለት ዓመት» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አሥራ ሁለት ዓመት የማንንም ቃል ሳይነግረኝ ጽፌ አላውቅም። የገዛ ልጄን ግን፣ ሳትነግረኝ ተናገርኩላት።» ወደ ዕንባቆም ዞሩ። «አልፈለገችም አልኩ። አላለችም። ዝም ነው ያለችው። ዝም ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ እናቷን ባገባሁበት ቀን አውቄዋለሁ። ያን ቀን ግን አላውቅም ማለት ተመቸኝ።»

ዕንባቆም ሳምሪን አያት፤ ከሦስት ወር በኋላ ዛሬ ገና ሙሉ በሙሉ አያት። ዓይኑ ውስጥ ያለውን ነገር ስታይ ቁጣዋ የት እንደገባ አጣችው። ቢሆንም በዋዛ አትለቀውም።

«አንተስ?» አለችው። «እነሱ የነገሩህን ሰምተህ ዝም ነው? አንድ ጊዜ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«ሽማግሌ ልኬ» አለ፣ «መልስ ሲመጣ ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ዞሬ ልጅቷን ብጠይቅ፣ እኛ ዘንድ፣ የላክኳቸውን አባቶች ውሸታም ማለት ነው። አባቴ ያን ቀን ምንም አላለኝም። በማግሥቱ ግን ጋሪውን ሌላ ሰው ነዳለት። መምህርን መንገድ ላይ እንዳያገኝ ብሎ።» ማውሱን ከእጁ ለቀቀ። «ስልኬን በየቀኑ አየው ነበር፣ ሳምሪ።»

ሳምሪ አላት። ዕንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም።

«ነይ» አሉ መምህር። «ያን ቀን የጠየቅኩሽን ዛሬ ደግሜ እጠይቅሻለሁ። ዝም ካልሽ ዝም አለች ብዬ ነው የምጽፈው። ምን ትያለሽ?»

አንገቷ በልማዱ ሊደፋ ሲል ታወቃት። ቀና አደረገችው። አባትን ፊት ለፊት እያዩ እንዲህ ያለ ነገር መናገር በዚያ ቤት ከዚያ በፊት ያደረገው ሰው የለም።

«እፈልገዋለሁ፣ አባዬ። ያን ቀንም እፈልገው ነበር። ዘጠኙም ደብዳቤ ይህንኑ ነው የሚለው።»

መምህር ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። የቀኝ እጃቸው ጣቶች፣ ቃል ሲሰበስቡ እንደሚያደርጉት፣ ብዕር እንደያዙ ሁሉ ተንቀሳቀሱ። «ሰማሁ» አሉ። «ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ፣ ዕንባቆም። እሺ እላለሁ አላልኩም። የቤተ ክርስቲያኑ ነገር አለ፤ ከባድ ነው፣ እንቅልፍ ይነሣኛል።»

«ከባድ ነው» አለ ዕንባቆም። «እኔንም ይነሣኛል።»

«እኔ የምመልሰው የራሴን ብቻ ነው። የሷን ራሷ ትናገራለች። አቶ ተረፈን ደግሞ እኔ ራሴ፣ በሚቀጥለው ገበያ፣ ጋሪው ድረስ እሄድለታለሁ።»

ዕንባቆም ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። በግማሽ የቀረውን አፕዴት አነሣው። ማሽኑ ጠፋ፣ በራ፣ ነጥቦቹ ዞሩ፤ ሰማያዊውን ገጽ ሲጠብቁ የመምህር የድሮ ስክሪን፣ ከጣና ሐይቅ ፎቶው ጋር፣ ብቅ አለ። መምህር ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። ዕንባቆም ግን «አላለቀም» አለ። «አፕዴቱን አሁን ከመጀመሪያው በሥርዓቱ ካልጨረስነው ነገም ይመጣብዎታል።» ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ አስጀመረው። ሳምሪ የአባቷን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ክርናቸው ሊነካካ ትንሽ ነበር የቀረው፤ ሁለቱም አላራቁትም።

ሃያ በመቶ ላይ ሳለ በሌሞ በኩል ሰማዩ አጉረመረመ።

መምህር ተነሡ። አስበውበት አልነበረም፤ የብዙ ዓመት ልማድ ነው ያስነሣቸው። ወደ ኮሪደሩ ሄዱ። ሳምሪ የእግራቸውን ኮቴ ሰማች፣ ቆጣሪው ሥር ሲቆም ሰማች። ዕንባቆም ሊነሣ ሲል እጁን ያዘችው። ሁለተኛው ነጎድጓድ ከፊተኛው ቀረብ ብሎ መጣ፣ የመስኮቱ መስተዋት ተንቀጠቀጠ። ቀጭ የሚለውን ድምፅ ጠበቁ።

ቀጭ አላለም። አንገቷን ወደ በሩ አስግጋ አየች፤ አባቷ ቆጣሪው ሥር፣ እጆቻቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ጣቶቻቸውን እርስ በርስ አጥብቀው ይዘው ቆመዋል።

«ስንት ደረሰ?» አሉ ከዚያው።

ሳምሪ ወደ ስክሪኑ ዞረች። እጇ አሁንም የዕንባቆም እጅ ላይ ነበር። ቁጥሩ ሠላሳ አራት ላይ ቆሟል፤ ቆየ፤ በጣም ቆየ፤ ከዚያ አለፈ።

«ሠላሳ አምስት፣ አባዬ» አለች።

ቀጥላም፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ሠላሳ ስድስት» አለች።